ነጭ ጋዝ የጠጣው ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ዳር አንድ ነጋዴ ትንንሽ ጠርሙሶች ደርድሮ ሲሸጥ አየሁ። በየጠርሙሱ ላይ ቀይ የእሽቅድድም መኪና ተሥሏል። ፊቱ የቆመው የማውቀው ባለመኪና ነው፤ ከእኔ እኩል ያረጀች የቤንዚን የጭነት መኪና አለችው።

«ኦክቴን ነው» ይለዋል ነጋዴው። «አንዷን ጠርሙስ ታንኩ ውስጥ ገልበጥ ካደረግህ እንደ አዲስ ትሆንልሃለች።»

መታገሥ አቃተኝ። «ስማ፣ መኪናዋ ምን ሆና ነው የምትሸጥለት? ከየት እንደሚቀዳ ጠይቀኸዋል? ካንዴላዋን ፈትቶ ያየልህ ሰው አለ?»

ነጋዴው ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘኝና ሣቀ። «አባት፣ ጡረታ የወጡ ይመስሉኛል።»

ወጥቻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት መካኒክ ሆኜ ሠርቼ መፍቻዎቼን ካስረከብኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በስንብቴ ቀን ጋቢ አልብሰውኛል፤ ንግግር ተደርጎልኛል፤ የጡረታ ወረቀቴም ከብዙ መመላለስ በኋላ ተስተካክሎልኛል። ንዴቴን ግን የተረከበኝ የለም። በአሮጌ ሞተር ስም የሚነገረው ውሸት ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ከዋሹት አንዱ እኔ ስለነበርኩ ደግሞ ይብሱን ያንገበግበኛል። ስለዚህ የማውቀውንም ያደረግኩትንም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የተወለድኩት ብልባላ ነው። ሙያውን የተማርኩት ግን ወልዲያ፣ አያ ይመር ከሚባሉ መካኒክ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። መኪና ሲመጣ ሌላው መካኒክ ሁሉ መፍቻ ሲያነሣ እሳቸው በርጩማ ያነሡ ነበር። በርጩማውን ለሹፌሩ ይሰጡና ፊቱ ቁጢጥ ብለው «እስቲ ንገረኝ» ይሉታል። መቼ ጀመረው? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ጭነት ነበረህ? ከየት ቀዳህ? ሹፌሩ ተናግሮ ሳይጨርስ ኮፈን አይከፍቱም። አንድ ቀን ቸኩዬ ልከፍት ስል እጄን ያዙና «በሽተኛው ሳይናገር ሆዱን የሚቀድ ሐኪም አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አፍሬ እጄን ሰበሰብኩ።

ቀጥሎ ቤንዚኑ ነው። ከታንኩ ትንሽ በቀጭን ጎማ ይቀዱና ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ ያደርጋሉ። ወረቀቱን ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ወረቀቱ እንደነበረ ይመለሳል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ቅቤ የነካው የሚመስል የወዛ ክብ ትቶ ይቀራል። ከዚያ ካንዴላዎቹን፣ በየሲሊንደሩ እሳት የሚለኩሱትን፣ ፈትተው በተራቸው ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ። የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ የሚታወቀው በተራው ነውና አንዷን ካንዴላ ከቦታዋ ያዛወረ ሰው ወዮለት። ጫፏ የተቆላ ገብስ የመሰለች ካንዴላ ደህና ናት። ነጥታ ጥቁር ነጠብጣብ ከተረጨባት ሞተሩ ውስጥ ውስጡን እየተደበደበ ነው።

ኦክቴን ምን እንደሆነ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። እኔ እንደ ብዙው ሰው ጉልበት ይመስለኝ ነበር።

«ጉልበት አይደለም፤ ትዕግሥት በለው» አሉኝ። «ፒስተኑ ቤንዚኑን ከአየር ጋር ጨምቆ ይይዘዋል። ካንዴላው የለኮሰው እሳት ከዳር እስኪደርስ ድረስ፣ ዳር ያለው ቤንዚን ተጨምቆ ተራውን መጠበቅ አለበት። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን መጠበቅ አይችልም። በራሱ ጊዜ ይፈነዳና ፒስተኑን ከላይ በመዶሻ ይለዋል። ያ የምትሰማው ማንኳኳት እሱ ነው።»

«እንግዲያ ለአሮጌ ሞተር ከፍ ያለው አይሻለውም?»

«ለምኑ? እነዚህ አሮጌዎች ሲሠሩም ጭመቃቸው ልል ነው። ተራው ቤንዚን ይበቃቸዋል፣ ንጹሕ ይሁን እንጂ። ጥቀርሻ ከሞላው ጥቀርሻውን ጥረግለት። ታይሚንጉን አስተካክልለት። ለማያስፈልገው ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን መስጠት ለጠገበ ሰው በግድ ማጉረስ ነው።»

ታይሚንግ የምንለው ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት ነው። እሱንም ያስተማሩኝ አገሩን እያሰቡ ነው። ላስታ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚጨምቀው ትንሽ ስለሚሆን ደከም ያለውንም ቤንዚን ሳያጉረመርም ይጠጣል። ወደ ቆቦ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ላይ ዝም ያለው ሞተር ታች ያንኳኳል። «ላሊበላ ላይ እንዲዘፍን ብለህ እሳቱን አብዝተህ አታስቀድመው» ይሉኝ ነበር፤ «መንገዱ መውረድም አለበት።»

ከስድስት ዓመት በኋላ ላሊበላ ተዛወርኩ፤ ለገጠር ቀበሌዎች እህልና ቁሳቁስ የሚያመላልስ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ። ብዙ አለቃ አሳልፌያለሁ። አንዱ ቅን ሆኖ መኪና የማያውቅ ነበር፤ አንዱ መኪና አውቆ ሰው የማያውቅ። ስለ እነሱ ቂም የለኝም። ቂሜ አቶ ዘውዱ የምለው ሥራ አስኪያጅ ላይ ነው።

በእሱ ዘመን ከነበሩን መኪኖች አብዛኞቹ የናፍጣ ነበሩ። አንዷ ብቻ፣ ሰማያዊ ቀለም የነበራት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ነበረች። ሹፌሯ ኪሮስ ይባላል። እኩያዬ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከመኪናው ጋር ብዙ የሚያወራ ሰው። በደንብ ስለያዛት ጠባብ መንገድ ካለበት አገር ሁሉ የምትላከው እሷ ነበረች።

ነዳጅ ጠፍቶ ማደያው ለሳምንታት ተዘግቶ የሚከርምበት ጊዜ መጣ። መጋዘናችን ከየት እንደመጣ የማይነገር ቤንዚን በበርሜል ማስገባት ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ኪሮስ ጋራዥ መጣ። እንደ አያ ይመር በርጩማ ሰጠሁት።

«ፈንቴ፣ ዳገት ላይ ጠጠር የገባበት ጣሳ ሆናለች» አለኝ። «እግሬን ሳላላ ይተዋታል። ስጫን ይመለሳል።»

ወረቀት አመጣሁ። ጠብታው ደረቀ፤ የወዛ ክብ ቀረ። አሽትቼ አረጋገጥኩ፤ ነጭ ጋዝ። ወረቀቱን ይዤ አቶ ዘውዱ ቢሮ ገባሁ። በጣቱ ጫፍ ይዞ ወደ መስኮቱ አነሣው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከመጋዘን የወጣው ቤንዚን ነው። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል።»

«የገባበት ሰነድ ቤንዚን ነው የሚለው።»

«አቶ ዘውዱ፣ መኪናዋ የምትጠጣው ሰነዱን አይደለም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋና «መኪናዋ ራሷ የስንት ዘመን ናት? እርጅና ነው። አሮጌ ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው ነግሮኛል፤ ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ» አለኝ።

ጠርሙሶቹ መጡ። እንደታዘዝኩት ጨመርኩ። በበርሜል የገባ ነጭ ጋዝ በአንድ ጠርሙስ አይመለስም፤ መኪናዋ ማንኳኳቷን ቀጠለች። አቶ ዘውዱ እንደገና አስጠራኝ። «ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ያንን ድምፅ ግቢዬ ውስጥ መስማት አልፈልግም። አጥፋልኝ። ካልቻልህ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

ድምፁን ማጥፋት ቀላል ነው። ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል። ታይሚንጉን ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ፤ እሳቱ ይዘገያል፤ ማንኳኳቱ ይቆማል። ሞተሩ ግን አልዳነም። ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ያልጨረሰው እሳት ሙቀቱን ይጨምርበታል፤ ዳገት ላይ ከነጭነቱ ሲጨነቅ ውስጡ ይቃጠላል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ መለስኩት። የጉዞ ካርዷ ላይ «ለጉዞ ብቁ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ኪሮስ ግቢውን አንድ ዙር ነድቷት ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «እጅህ ይባረክ! ዝም አለች እኮ!»

«ዳገት ላይ አታስጨንቃት» አልኩት። ከዚህ በላይ አልተናገርኩም።

በአራተኛው ቀን ኪሮስ እህል አራግፎ ከብልባላ ሊመለስ ሲል፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል በቃሬዛ የመጣች ወላድ አገኘ። ስሟ ብርቄ ነው። ምጧ ሁለት ቀን አልፎታል። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። አጎቷ ቄስ ሞላ የመኪናውን በር ይዘው «ልጄ፣ ስለ እመቤታችን» አሉት። ሰው እንዳይጭን ደንብ ይከለክለዋል። ኪሮስ ግን ጋቢናውን ከፍቶ ብርቄንና እናቷን አስገባ፤ ቄሱና ተሸካሚዎቹ ከኋላ ወጡ።

ላሊበላ ሊደርሱ ረጅሙ ዳገት ሲቀራቸው ሞተሩ ሰነፈ። ኪሮስ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ሙቀቱ ወጣ፤ ውሃው ፈላ፤ እንደ ተኩስ አንድ ድምፅ ተሰማና ነጭ ጭስ ኮፈኑን ሸፈነው። መኪናዋ ቆመች። ቀኑ እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐዩ ይጠብሳል። ብርቄን እንደገና ቃሬዛ ላይ አውጥተው ዳገቱን በትከሻ ተያያዙት። ኪሮስም ከፊት በቀኝ በኩል ተሸክሟል። ሆስፒታል ሲደርሱ ብርቄ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

በማግሥቱ ቄስ ሞላ ጋራዥ መጡ። ተጎትታ የገባችውን መኪና ቆመው አዩ። እኔ መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ልጄ፣ መኪናዪቱን ምን ነካት?» አሉኝ።

«እርጅና ነው አባ» አልኳቸው።

በተሳለምኩበት አፌ። እርጥበቱ እንኳ ሳይደርቅ። ራሳቸውን ነቅንቀው «እርጅናስ የማይደርስበት ማን አለ» ብለው ሄዱ። የአቶ ዘውዱን ቃል ነበር የነገርኳቸው፤ ከእሱ አፍ ስሰማው የተናደድኩበትን ቃል።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ካርዱ ቀረበ፤ «ለጉዞ ብቁ» ይላል፤ ፊርማዬ አለበት። እንግዲህ መኪናዋ ብቁ ከነበረች ጥፋቱ የሹፌሩ ነው ተባለ። ያልተፈቀደ ሰው ጭኗል፤ በአነዳድ ጉድለት ሞተር አቃጥሏል። ኪሮስ ሲጠየቅ «ምጥ የያዛት ሴት ትቼ ልሄድ ነበር?» ብቻ አለ። እኔን ጠየቁኝ። «ሞተሩ በሙቀት ተቃጥሏል» አልኩ። እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት። ሙቀቱ ከየት መጣ ያለኝ የለም፤ እኔም አልነገርኩም። ኪሮስ ተባረረ። ሲወጣ ወደ እኔ አላየም።

ሞተሩን የፈታሁት በዚያው ሳምንት ነው። የቴስታታው ጋስኬት፣ በሞተሩ ክዳንና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ተበጥሷል። ፒስተኖቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ሦስተኛውና አምስተኛው ጠርዛቸው ነቀዝ እንደበላው ባቄላ ተቦርቡሯል። አምስተኛውን በጨርቅ ጠቅልዬ ወልዲያ ወረድኩ።

አያ ይመር ሥራ ትተው ቤት ውለዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ፒስተኑን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። ዙሩን ሁለት ጊዜ ሄዱበት።

«ነጭ ጋዝ» አሉ። «ሲያንኳኳ የነገረህ ሰው አልነበረም?»

«ሹፌሩ ነግሮኛል።»

«ከዚያስ?»

«ታይሚንጉን መለስኩት።»

ጣታቸው ቆመ። «ካርዱን ማን ፈረመ?»

«እኔ።»

እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ፒስተኑን መልሰው ጨርቁ ውስጥ ጠቅልለው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ለእኔ ምን ብለህ አመጣኸው? እኔ አልተባረርኩ፣ እኔ ልጅ አልሞተብኝ። ወደሚፈልጉት ሰዎች ውሰደው» አሉኝ።

ከወልዲያ ስመለስ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የቤንዚኑን፣ የጠርሙሱን፣ የትእዛዙን፣ የታይሚንጉን፣ የፊርማዬን። ወረቀቱንና ፒስተኑን አቶ ዘውዱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አንብቦ ሲጨርስ ሣቀብኝ።

«በራስህ ላይ ትመሰክራለህ? ሰውየው አንድ ጊዜ ሄዷል።»

«በእኔ ፊርማ ነው የሄደው። የዚህ ግልባጭ ለበላይ መሥሪያ ቤት ተልኳል።»

ሣቁ ቆመ።

ከዚያም ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድኩ። ቄስ ሞላ ሰምተው ሲያበቁ «ለእኔ የነገርኸውን ለእሷ ንገራት» ብለው ብርቄ ቤት ወሰዱኝ። ደጃፏ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ስለ ኦክቴን፣ ስለ ጭመቃ ለማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ረከሰብኝ።

«ልጄን ነጭ ጋዝ ገደለው ነው የምትለኝ?» አለች።

«ነጭ ጋዙን ያስገቡት ሰዎች ናቸው፤ ያዳፈንኩት እኔም ነኝ። ቀድመሽ ብትደርሺ ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም። እንዳትደርሺ ያደረግንሽ ግን እኛ ነን።»

አየችኝ። ገብታ በሩን ዘጋችው። እኔ ብሆንም እዘጋው ነበር።

የበላይ መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ሰባት ወር አስተኝቶ ወሰነ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደረጃ ቅናሽ፤ ይገባኛል። ለኪሮስ ወደ ሥራ መመለስ። ለአቶ ዘውዱስ? ዝውውር፤ ወደ ትልቅ ከተማ፣ ወደ ትልቅ ወንበር። ስንብት አድርገውለት፣ ስጦታ ሰጥተውት ሄደ። በርሜሎቹን ያቀረበው ነጋዴ ስሙ እንኳ አልተነሣም። መኪናን አሮጌ ነው ብሎ መክሰስ እንዴት ቀላል ነው! ብረት አፍ የለው፣ ይግባኝ አይል። ሕፃኑም እንደዚያው። እነዚያ ባለ ጠርሙሶች ዛሬም የሚነግዱት በዚሁ ነው፤ ነዳጁን ያበላሸው ሰው ይቅርና ሞተሩ ጥፋተኛ ይሁን።

የኪሮስን ደብዳቤ እኔው ላድርስ ብዬ ቤቱ ሄድኩ። እንጨት እየፈለጠ አገኘሁት። ደብዳቤውን አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ይቅርታ ጠየቅኩት። አቶ ዘውዱን ፈርቼ እንደነበር፣ ሥራዬን እንዳላጣ እንደሰጋሁ ነገርኩት።

«እሱን አይደለም የማልረሳልህ» አለኝ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተክሎ። «ስታንኳኳ አውቃታለሁ እኮ። እያንኳኳች ቢሆን ብርቄን አላሳፍራትም ነበር። ትንሽ ጠብቁ፣ ሌላ መኪና እንለምን፣ ወይ በትከሻ በጊዜ እንነሣ እል ነበር። ዝም ስላለች ዳነች ብዬ አመንኳት። አንተን ነው ያመንኩት፣ ፈንቴ።»

ኪሮስ ሥራ ተመለሰ። ሰማያዊዋን መኪና ፒስተን ቀይሬ፣ ጥቀርሻዋን ጠርጌ፣ ታይሚንጓን ወደ ቦታዋ መልሼ አስነሣኋት። በተራ ቤንዚን፣ በንጹሑ፣ ያለ አንዲት ጠርሙስ፣ ኪሮስ ጡረታ እስኪወጣ ስምንት ዓመት ሠራች። በእነዚያ ስምንት ዓመታት አንድም ቀን ካርዱን አንብቦ አልተነሣም። ጠዋት ይመጣል፤ ሰላም ይለኛል፤ ካርዱን ሳያይ ኪሱ ይከተዋል። ወረቀት አውጥቶ ቤንዚኑን ራሱ ጠብ ያደርጋል፤ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ከዚያ ኮፈኑን ራሱ ከፍቶ ጎንበስ ይላል።

የኮፈኑ መደገፊያ ብረት ተሰብሮ ስለነበር፣ አይቶ እስኪጨርስ ድረስ በሁለት እጄ ይዤለት እቆም ነበር።